ለአደጋ ስለሚሰጥ ርዳታና ስለ መዝገቡ አያያዝ

የመንግሥት ርዳታ ለችግረኛው የሚደርሰው በሹሙ መዝገብ በኩል ነው። መዝገቡ ከጐደለ ግምጃ ቤቱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ችግረኛው ባዶ እጁን ይቀራል።

ለዚህ ነገር በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ የሆነው የቆሼ አደጋ ምስክር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ለ50 ዓመት ያህል የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት የኖረው ኮረብታ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የ3 ቀን ሐዘን ዐወጀ። ከክምሩ ግርጌ ከኖሩት አንዳንዶቹ በላስቲክና በጭቃ መጠለያ የተጠጉ፣ ከጥራጊው ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ የሚያድሩ ድኾች ነበሩ። እንዲህ ባለ ስፍራ የቤት ካርታ የያዘውን ብቻ የሚጽፍ ጸሐፊ ተከራዩንና ለቃሚውን ይዘነጋል። መዝገቡን ከአደጋው በኋላ መጀመርም እጅግ ያስቸግራል፤ ምስክር የሚሆነው ጎረቤት ራሱ ተቀብሮ ይሆናልና።

በባላገርም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በረዶ እህሉን በመታው ጊዜ ወይም በ2012 ዓ.ም. እንደ ሆነው አንበጣ በወረደ ጊዜ፣ መሬቱ በስሙ የተጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ዘር አውጥቶ በገዛ በሬው በእኩል ያረሰው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ባለመሬቱ ያጣው ድርሻውን ነው፤ አራሹ ግን ከድርሻው ጋራ ዘሩንም ድካሙንም አጥቷል። ስለዚህ ጉዳቱ ሲጻፍ «መሬቱ የማን ነው?» ከማለት በላይ «ያረሰው ማን ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። በዚህ የሚከፋ ባለመሬት ቢኖር፣ አራሹ የተሰደደበት መሬት ጦሙን እንደሚያድር ያስብ።

ስሙ ከተጻፈ በኋላም የክፍያው ልክ አለ። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ ችግረኛውን የሚመርጡት የቀበሌው ሰዎች ናቸው፤ ጕልበት ያለው በእርከንና በመንገድ ሥራ ሠርቶ ይቀበላል፤ ሽማግሌውና በሽተኛው ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ክፍያው በመጀመሪያ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. ብሩ ወደ 8 ከፍ አለ፤ ነገር ግን የእህል ዋጋ ከዚህ ይልቅ ስለ ናረ፣ ብዙዎች በብር ፈንታ እህል እንዲሰጣቸው ለመኑ። ኪሎው እንደ ቆመ ነበር፤ ብሩ ግን ገበያ በወጣ ቍጥር ያንሳል። የወረዳ ሹምም ለበላይ ሲጽፍ የችግረኛውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የገበያውን ዋጋ ጨምሮ ቢጽፍ መልካም ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መዘግየት ነው። ርዳታ የዘገየበት ገበሬ አስቀድሞ ፍየሉን፣ ቀጥሎም በሬውን ይሸጣል። በሬ የሌለው አገር ምን እንደሚመስል በክፉ ቀን ታይቷል፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በእጅ መቈፈር ነውር እንዳይመስል ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። እንግዲህ በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ብር ለወሩ ቀለብ ይሆናል እንጂ ለከርሞው እርሻ አይሆንም። ስለዚህ ክፍያው ገበሬው በሬውን ወደ ገበያ ሳይነዳ መድረስ አለበት።

በክፍያውም ቀን የተቀባዮቹ ስም በሕዝብ ፊት ይነበብ፤ ስሜ ቀረ የሚል ቢኖር አቤቱታው ያን ዕለት ይጻፍለት። ታሞ ወይም አርጅቶ መምጣት ያልቻለውን፣ ከፋዩ ከሁለት የአገር ሽማግሌዎች ጋራ ቤቱ ድረስ ሄዶ ገንዘቡን በእጁ ይስጠው፤ ጣቱንም በፊታቸው ያስፈርመው።