ዝርግ ወይስ ሐውልታዊ? የስፖርት ሜዳሊያ ቅርጽ አመራረጥ

ከጭሮ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደሳ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ለሩጫ አሸናፊዎቹ የራሱን ሜዳሊያ ማሠራት ፈለገ እንበል። በቅድሚያ መወሰን ያለበት ቅርጹ ዝርግ ይሁን ወይስ ሐውልታዊ የሚለው ነው። ምርጫው የዋጋ ብቻ ሳይሆን የብርሃንና የግፊት ጉዳይ ጭምር በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ አንጻር እንመለከተዋለን።

በዝርግ ቅርጽ ሁለት ከፍታዎች ብቻ አሉ፤ እነርሱም መደቡና ከመደቡ ከፍ ወይም ጠለቅ ያለው ምስል ናቸው። ሐውልታዊ ቅርጽ ግን እንደ ኮረብታ ቀስ በቀስ ከፍና ዝቅ ይላል።

አንድ ገጽ የሚያገኘው ብርሃን ወደ ብርሃኑ ምንጭ ባዘነበለበት አንግል ይወሰናል። ስለሆነም በሐውልታዊ ቅርጽ ላይ የሯጩ አንደኛው ጉንጭ ሲፈካ ሌላው ይጠቁራል፤ ዐይናችንም ከዚህ ልዩነት የፊቱን መልክ ይረዳል። በዝርግ ቅርጽ ሁለቱ ከፍታዎች ትይዩ ስለሆኑ እኩል ይፈካሉ፤ የሚለያቸው በጠርዙ የሚታየው ቀጭን ጥላ ነው። መደቡን ቀለም መቀባት ወይም ማሻከር የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለጽሑፍ ግን ዝርጉ ይመረጣል። የፊደላችን ምልክቶች ጥቃቅን ናቸው፤ «ትምህርት ቤት» ሲጻፍ የ«ቤ» ቀለበት ከተደፈነ «ቢ» ሊመስል ይችላል። 0.5 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ፊደል፣ ብርሃን ከገጹ ጋር የ30 ዲግሪ አንግል ሠርቶ ሲያርፍበት 0.87 ሚሊ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ከዚህ የጠበበ ቀለበት በጥላ ይሸፈናል። በመሆኑም ትናንሽ ፊደላት ከፍታቸው ዝቅ፣ ክፍተታቸው ሰፋ ማለት አለበት።

ሌላው ጉዳይ ማለቅ ነው። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ስለሆነ፣ ጎልቶ የወጣ ትንሽ ጫፍ መታሸቱን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ይህንን የአገራችን ነጋዴዎች በተግባር ያውቁት ነበር። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትንና 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን የማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ፣ በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጎልተው መታየታቸውን ይመረምሩ ነበር።

ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ፣ ማሞ ወልዴም በ1968 በሜክሲኮ የተሸለሙት ሜዳሊያ ጁሴፔ ካሲዮሊ የነደፈውን የድል አምላክ ሐውልታዊ ምስል የያዘ ሲሆን፣ የአስተናጋጁ ከተማ ስምና ዓመቱም በፊደል ተቀርጸውበታል።

እንግዲህ የበደሳው ትምህርት ቤት አቅሙ ከፈቀደ በፊት ለፊቱ የሯጭ ምስል በሐውልታዊ ቅርጽ ቢያሠራና ዙሪያውን ከምስሉ ከፍ ባለ ጠርዝ ቢያስከብብ፣ በጀርባው ደግሞ የውድድሩን ስምና ዓመት ከመደቡ ጠለቅ አድርጎ በዝርግ ቢያስቀርጽ መልካም ነው። አቅሙ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ዝርጉን እንመክራለን። ሜዳሊያ ምስክር ነውና፤ ተማሪው ከ30 ዓመት በኋላ ለልጁ ሲያሳየው ስሙና ዓመቱ ሊነበቡ ይገባል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ናሙና አስመጥቶ በመስኮት አጠገብ፣ በጎን ብርሃን፣ ክንድን ዘርግቶ ማንበብ ከሁሉ የቀለለው ፈተና ነው።