የጋራ ኖት፦ ሁሉም የየራሱን ሎሚ ይያዝ

ፈተና ሲደርስ በየክፍሉ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀለሜዋ ይፈለጋል፣ ደብተሩ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፣ ገጾቹም በቴሌግራም ይበተናሉ። ይሄ መተጋገዝ ስለሆነ አይነቀፍም። ከጀሞ ወይም ከሃና ማርያም ላፍቶ ድረስ የሚመጣ ተማሪ የታክሲ ሰልፍ ሲያስረፍደው፣ ሥራ ይዞ የሚማረውም ክፍለ ጊዜ ሲያመልጠው ሌላ ምን ያድርግ? ችግሩ ግን ወዲህ ነው። ቀለሜዋው አንድ ነገር አጣሞ ከሰማ ክፍሉ በሙሉ አጣሞ ይመልሳል። የአርባ ሰው ውጤት በአንድ ሰው ጆሮ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ስለዚህ የጋራ ኖት ስል የአንዱን ደብተር ለሁሉ ማባዛት ማለቴ አይደለም። ሁሉም የጻፈውን አምጥቶ አንድ ማድረግ ማለቴ ነው።

ለምን ያስፈልጋል? መምህር በሚናገርበት ፍጥነት የሚጽፍ እጅ የለም። በዚያ ላይ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያውን እንግሊዝኛ አድርጎታል። ኮሌጅም ገብተን አብዛኞቻችን በእንግሊዝኛ እየሰማን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ እያሰብን ነው የምንጽፈው። አንዱ ትርጉሙን ሲይዝ ምሳሌው ያመልጠዋል፤ ሌላው ምሳሌውን ይዞ ትርጉሙን ይስታል። አምስት ደብተር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ክፍተቱ ይሞላል።

"ይሄማ ያው አንድ ለአምስት ነው" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ለአምስት ተደራጅተው ነበር። ሐሳቡ ጎበዙ ሌሎቹን እንዲያግዝ ነበር። ሆኖም ከላይ የታዘዘ፣ ለሪፖርት የሚሠራና ለፖለቲካ ቁጥጥር የሚያገለግል ነው ተብሎ ብዙ ተተችቷል። የጋራ ኖት ግን ቡድኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመርጣሉ፤ አለቃ የለውም፤ ሁሉም ይጽፋል።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

1. አራት ወይም አምስት ሆኖ መሰባሰብ። ክፍል ውስጥ ግን እያንዳንዱ በራሱ ደብተር፣ በራሱ አባባል ይጻፍ። "እሱ ይጽፍልኛል" ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም።

2. በዚያው ቀን፣ ነገሩ ሳይረሳ፣ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማስተያየት። አንድ አድርጎ የሚጽፈው ሰው በየሳምንቱ ይቀያየር። የቀረ ተማሪ ኖቱን ያገኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ተራው የእሱ ይሆናል።

3. ዳታ ያለው ቡድን ጉግል ዶክስ ላይ አብሮ ይጻፍ፤ ማን ምን እንደቀየረ ስለሚያሳይ ይጠቅማል። ዳታ ከሌለ አንድ የጋራ ደብተር ይበቃል።

4. ኖቶቹ ካልተስማሙ አንዱን ለመሰረዝ አለመቸኮል።

ትልቁ ቁም ነገር ይሄ አራተኛው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ ሲሰጥ አንድ ፍቺ ብቻ ተመርጦ ሌላው አይጣልም፤ "አንድም" እየተባለ አማራጩ ጎን ለጎን ይቀመጣል። እኛም "አንድም" ብለን ሁለቱንም ጽፈን ለመምህሩ ጥያቄ እናድርገው። መቼም ጋዜጠኛ ለመሆን ነው የምንማረው። ሁለት ምንጭ አንድን ነገር ለየቅል ሲያወራ ደስ ያለንን መርጠን አንዘግብም፤ ሄደን እናጣራለን። ኖቶቹ የተለያዩበት ቦታ የቱን እንዳልገባን የሚያሳየን ቦታ ነው። አንድ ደብተር ብቻ ፎቶ ኮፒ ያደረገ ክፍል ይህን ቦታ በጭራሽ አያየውም።

መምህራኖቻችንም በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ለእነዚህ የ"አንድም" ጥያቄዎች አምስት ደቂቃ ቢሰጡን፣ ያስተማሩት እንዴት እንደተሰማ ከፈተና በፊት ያውቁታል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ጌጥ የሚሆነው ግን ሁሉም የየራሱን ሎሚ ሲይዝ ነው። መልካም የጥናት ጊዜ!