ከአጥንት መቅኔ የልብ ጡንቻ ይሠራልን?



ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት እናት ሩማቲክ የልብ ሕመም ላለባት ልጃቸው የፔኒሲሊን መርፌ ሊገዙ መጡ። «የኔ ልጅ፣ ከአጥንት መቅኔ ልብ የሚጠግን ሕክምና ውጭ አገር አለ አሉኝ፤ ቤቴን ሸጬ ልውሰዳት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ሊሆን ስለሚችል የዚህ ወር ትምህርታችን አድርጌዋለሁ።

ስቴም ሴል ምንድን ነው?

መቅኔ የደም ፋብሪካ ነው። በውስጡ ስቴም ሴል የሚባሉ፣ ራሳቸውን የሚያባዙና ቀይና ነጭ የደም ህዋሳትን የሚያስገኙ እናት ህዋሳት አሉ። ለደም ካንሰር የሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ የቆየና የተረጋገጠ ሕክምና ነው። የልብ ጡንቻ ግን እንደ ደም ቶሎ አይታደስም፤ በአዋቂ ሰው በዓመት የሚታደሰው 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። የሞተው ክፍል ጠባሳ ሆኖ ይቀራል።

ተስፋው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች 5-አዛሳይቲዲን በተባለ መድኃኒት አማካይነት ከአይጥ መቅኔ እንደ ልብ የሚመቱ ህዋሳት በላቦራቶሪ አገኙ። በ2001 ደግሞ አሜሪካ የነበረው የፒዬሮ አንቨርሳ ቡድን በተጎዳ የአይጥ ልብ ውስጥ የተወጉ የመቅኔ ህዋሳት አዲስ ጡንቻ ሠሩ ብሎ አሳተመ። ብዙም ሳይቆይ በታማሚዎች ላይ ሙከራ ተጀመረ።

በ2004 ግን ሌሎች ሁለት ቡድኖች ደግመው ሲሞክሩት የደም ስቴም ሴሎቹ የልብ ጡንቻ አልሆኑም። በ2018 የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤትና የብሪገም ሆስፒታል፣ የተጭበረበረ መረጃ አለባቸው ያሏቸው 31 የአንቨርሳ ላቦራቶሪ ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቁ። በአውሮፓ በ375 የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት በደረሰባቸው ታማሚዎች ላይ የተደረገውና በ2020 የታተመው ጥናትም ሕክምናው ሞትን እንደሚቀንስ አላሳየም።

ምርምሩ ግን አልቆመም። ሺንያ ያማናካ በ2012 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት መንገድ ተራ የሰውነት ህዋስን ወደ ስቴም ሴልነት የሚመልስ ሲሆን፣ ከዚያ የተሠራ ስስ የልብ ጡንቻ ሽፋን በ2020 በጃፓን በታማሚ ልብ ላይ ተለጥፎ ተሞክሯል።

ለእኛስ?

በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን በብዛት የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጀምረው በወቅቱ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ነው። በዋናነት የሚያበላሸውም የልብን በሮች (ቫልቮች) ነው። ስለዚህ መቅኔ ጡንቻ ቢሠራ እንኳ የተበላሸ በር አይጠግንም። የመቅኔ ሾርባም ቢሆን ምግብ ነው፤ ሆድ ይፈጨዋል እንጂ ልብ አይሆንም።

ለእኚያ እናት «ቤትዎን አይሽጡ፤ መርፌዋን አያቋርጡ» አልኳቸው። እናንተም፦

1. ልጃችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

2. ሐኪም ያዘዘውን፣ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን ፔኒሲሊን «ተሽሎታል» ብላችሁ አታቁሙ። መርፌውንም በጤና ተቋም ብቻ አስወጉ።

3. ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ በሐኪም ሪፈር አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለውን የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ጠይቁ።

4. «በስቴም ሴል ልብ እናድናለን» የሚል ሰው ገንዘብ ሲጠይቃችሁ አስቀድማችሁ የልብ ሐኪም አማክሩ።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እንገናኛለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።