የቧንቧ መታጠፊያ ስለሚበላው የውሃ ኃይል

የውሃ ሞተርና ቧንቧ ለመግዛት ወደ መርካቶ የሚሄዱ ገበሬ ሆይ፤ ከመነሣትዎ በፊት ቧንቧው የሚታጠፍበትን ስፍራ ሁሉ በወረቀት ላይ ሥለው ይቁጠሩ። የልማት ሠራተኛውም አብሮ ይቁጠር። ውሃ በታጠፈ ቁጥር ይጋጫል፥ ይሽከረከራል፥ ኃይሉም ይባክናል። የባከነውም ሞተሩ ውሃውን ሊያነሣ ከሚችልበት ከፍታ ላይ ይቀነሳል። ባለ ሱቁ የዕቃውን ዋጋ ይነግርዎታል እንጂ ይህን አይነግርዎትም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በ50 ሰከንድ ከሞላ፥ በየሰከንዱ 4 ሊትር ይፈሳል ማለት ነው። ይህ ውሃ ውስጡ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነቱን በራሱ አባዝተው ለ19.6 ሲያካፍሉ 0.20 ሜትር፥ ይኸውም 20 ሳንቲ ሜትር ያገኛሉ። ይህንንም በየዕቃው ቁጥር ያባዙት።

ቁጥሮቹ በግምት እነዚህ ናቸው፦ ነጋዴው ጎሚቶ የሚለው (በጣልያንኛ ክርን ማለት ነው) ባለ ጥርስ መታጠፊያ 0.9፤ ውሃን ወደ ጎን የሚያስወጣ ቲ 1.8፤ ጨርሶ የተከፈተ ሳራቺኔስካ 0.2፤ ውሃው ውስጥ የሚጠልቀው ባለ ወንፊት ቫልቭ 2.5፤ ውሃው ከቧንቧ ሲወጣ 1። እንደ ቤት ቧንቧ በጎማ ተጭኖ የሚዘጋው ቫልቭ ግን ተከፍቶም 10 ነው!

እንግዲህ አንድ ገበሬ 5 ጎሚቶ፥ አንድ ባለ ወንፊትና አንድ ባለ ጎማ ቫልቭ ቢገጥም፥ ከመውጫው ጋር ድምሩ 18 ይሆናል። በ20 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 3 ሜትር ከ60፥ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ነው። ባለ ጎማውን በሳራቺኔስካ ለውጦ 2 ጎሚቶ ቢተው፥ በዚያው የውሃ መጠን 1 ሜትር ከ28 ብቻ ይባክናል። ቧንቧው ባለ 3 ኢንች ቢሆን ደግሞ የአንዱ ጎሚቶ ብክነት ከ18 ሳንቲ ሜትር ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ቀጥ ያለው ቧንቧ የሚያባክነው ለብቻው ይሰላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የመሳቢያው ቧንቧ ነው። አየር ውሃን ገፍቶ ሊያወጣ የሚችለው በባሕር ወለል 10.3 ሜትር ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን 7.7 ሜትር ያህል ነው፤ በሥራ ላይ ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ በመሳቢያው በኩል ከአንድ ጎሚቶ በላይ አያስገቡ፤ ቢቻል ሰፋ ያለ ቧንቧ ይጠቀሙ። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ዕቃ ከገዙ ውስጡን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩ፤ ዝገት ያጠበበውን ይተዉት። አዲስ የተቆረጠ ቧንቧም ወደ ውስጥ የወጣ ስለት ካለው፥ ሳይገጠም በሞረድ ይስተካከል።