የሲፒኤ ፈተና ያለፈ ሁሉ ሲፒኤ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከቨርጂኒያ ነው። አንባቢያችን አዲስ አበባ ውስጥ በአካውንቲንግ ተመርቀው አሜሪካ ከመጡ በኋላ አራቱንም የሲፒኤ (የተመሰከረለት የሕዝብ ሂሳብ ባለሙያ) ፈተናዎች አልፈዋል። «ቢዝነስ ካርድ ላሳትም ነው፤ ከስሜ ቀጥሎ ሲፒኤ ብዬ ልጻፍ?» ይላሉ።

እንኳን ደስ ያለዎት! ካርዱን ግን ለጊዜው ያቆዩት።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የሲፒኤዎች ማኅበር ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ የየስቴቱ የአካውንታንሲ ቦርድ። ማዕረጉን የሚጠብቀውም የስቴቱ ሕግ ነው። ያለ ፈቃድ በካርድ፣ በኢሜይል ግርጌ ወይም በፌስቡክ ገጽ ላይ ሲፒኤ ነኝ ማለት፣ አንድም ደንበኛ ባያታልሉም ያስቀጣል። ይባስ ብሎ፣ ነገ ለፈቃድ ሲያመለክቱ ቦርዱ ያንኑ ካርድ አንስቶ ሊጠይቅዎት ይችላል። በሥራ ማመልከቻ ላይ «የሲፒኤ ፈተና አልፌያለሁ፤ ፈቃድ ገና አላወጣሁም» ብለው ቢጽፉ ግን እውነቱን መናገርዎ ነው።

የቀረው ትምህርትና የሥራ ልምድ ነው። በብዙ ስቴቶች 120 ክሬዲት ያለው ሰው መፈተን ይችላል፤ የተለመደው የፈቃድ መስፈርት ግን 150 ክሬዲትና የአንድ ዓመት ልምድ ነው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪና በሁለት ዓመት ልምድ የሚገባበት ሌላ በር ከፍታለች። የሥነ ምግባር ፈተና የሚጨምሩ ስቴቶችም አሉ። ሰው የሚሰናከለው ልምዱ ላይ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱ ያልተቋረጠ ሲፒኤ ሊያረጋግጥልዎት ይገባል። ስለዚህ አለቃዎ ፈቃድ እንዳለው ዛሬውኑ ይጠይቁ፤ ሥራ ሲለቁም የልምድ ማረጋገጫ ቅጹን ሳያስፈርሙ አይውጡ።

እስከዚያው እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡም። የሂሳብ መዝገብ መያዝ ይችላሉ። ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ የታክስ አዘጋጅነት መለያ ቁጥር ካወጡ በክፍያ ታክስ መሥራት ይችላሉ፤ ሜሪላንድ ግን ከዚህ በላይ የስቴት ምዝገባ ትጠይቃለች። የኦዲት ሪፖርት ላይ መፈረም ለእርስዎ ገና ዝግ ነው።

ቦርዱ ማመልከቻዎን ውድቅ ካደረገ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ላይ ያለውን የይግባኝ ቀነ ገደብም በዚያው ቀን ይመዝግቡ።

ደንበኞችም ብትሆኑ «ሲፒኤ ነኝ» ላላችሁ ሰው ሰነድ ከማስረከባችሁ በፊት፣ ስሙን ሲፒኤ ቬሪፋይ በተባለው ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ፈልጉ።