የጽሑፍ መጠይቅ በሥራ ሥነ ልቦና ጥናት፦ ጥንካሬውና ድክመቱ ከመንጌ ወረዳ አንጻር

የጽሑፍ መጠይቅ በሥራ ሥነ ልቦና ጥናት በስፋት ከሚያገለግሉ የመረጃ መሰብሰቢያ ዘዴዎች አንዱ ነው። ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው የስምምነት መለኪያ የሥራ እርካታን፣ የሥራ ዝለትንና ለተቋም ያለን ቁርጠኝነት በቁጥር ለመግለጽ አስችሏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘዴው በአሶሳ ዞን መንጌ ወረዳን በመሰለ አካባቢ ሲተገበር ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር መመርመር ነው።

የመጠይቅ ቀዳሚ ጥንካሬ ተደራሽነቱ ነው። በየቀበሌው ተበታትነው የሚሠሩ መምህራንንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በአነስተኛ ወጪ ለመድረስ ያስችላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚቀርብ ውጤቱን ማነጻጸር ይቻላል። የመላሹ ስም የማይጻፍ መሆኑም ፊት ለፊት የማይነገረውን ቅሬታ ሊያወጣ ይችላል።

ይሁን እንጂ ስም አለመጻፍ ብቻውን ማንነትን አይሰውርም። ሁለት ሠራተኞች ብቻ ባሉበት ጤና ኬላ ጾታ፣ ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን ከተጠየቁ መላሹ ማን እንደሆነ ይታወቃል። መጠይቁ በኃላፊው እጅ ታድሎ በኃላፊው እጅ ከተሰበሰበ ደግሞ ይሉኝታና ሥጋት ተደምረው መልሱን ወደ «እስማማለሁ» ይገፉታል። ይህ ዝንባሌ በተለመደው የአስተማማኝነት መለኪያ አይያዝም፤ ጥያቄዎቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ከሆኑ በጅምላ መስማማት የክሮንባክን አልፋ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የቋንቋ ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ቢሆንም ለበርታ ተወላጅ ሠራተኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው በርትኛ ነው። ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ያብራራው የመልሶ ትርጉም ስልት የቃላትን አቻነት ለመፈተሽ ይረዳል፤ መላሹ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳው ግን አያሳይም። «በሥራዎ ይረካሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ሰው ፈጣሪውን እያመሰገነ እንጂ ሥራውን እየመዘነ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው ችግር የናሙና ነው። ጌርት ሆፍስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከአይ ቢ ኤም ሠራተኞች የተሰበሰቡ ከ116,000 በላይ መጠይቆችን ተንትኗል። ሆኖም ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል አንድ ምድብ አጠቃሏታል። የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች መልስ፣ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ ገበሬውን ወይም ባህላዊ ወርቅ አምራቹን አይወክልም። በመንጌም ወርቅ አጥቦ ለሚያድር ሰው «የቅርብ አለቃዎ ያበረታታዎታል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም። ከሁሉም በላይ፣ በአንድ ወቅት የሚሰበሰብ መጠይቅ በሥራቸው ላይ የቆዩትን ብቻ ይጠይቃል፤ ተማርረው የለቀቁት በናሙናው ውስጥ የሉም። በመሆኑም ብዙ ሰው የለቀቀበት መሥሪያ ቤት ከፍተኛ እርካታ ያለበት መስሎ ሊታይ ይችላል።

እነዚህ ድክመቶች መጠይቅን ለመተው ምክንያት አይሆኑም፤ አጠቃቀሙን ለማረም ግን ያስገድዳሉ። ከሥርጭቱ በፊት ጥቂት መላሾች እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው ቋንቋ እንዲያብራሩ ማድረግ፣ መጠይቁን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ በሆነ ሰው አማካይነት በታሸገ ፖስታ መሰብሰብ፣ ማንነትን የሚገልጡ ዝርዝሮችን መቀነስ ተገቢ ነው። በአሉታዊ አነጋገር የተጻፉ ጥያቄዎች የመስማማት ዝንባሌን ለመለየት ቢረዱም በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ግራ አጋቢ ስለሚሆኑ አስቀድመው ሊሞከሩ ይገባል። ውጤቱም ከቀሪ መቆጣጠሪያ፣ ከዝውውር ጥያቄዎችና ሥራ ከለቀቁ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ጋር መመሳከር አለበት።

ጉዳዩ ከዘዴ ክርክር ያለፈ ነው። «ሠራተኞቹ ረክተዋል» የሚል ሪፖርት የመኖሪያ ቤትና የመጓጓዣ ጥያቄን ከበጀት ውይይት ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ አጥኚ የእርካታን አማካይ ከማቅረቡ በፊት ማን እንደመለሰ፣ በማን ፊት እንደመለሰና ማን ሳይጠየቅ እንደቀረ መግለጽ ይጠበቅበታል።