የእኅቴ ልጅና የእንጨት ሥራ ቤቱ

ጥያቄ፦ የሟች እኅቴን ልጅ አሳድጋለሁ፤ ዕድሜው 14 ነው። ሙያ እንዲይዝ ከእንጨት ሥራ ቤት ላስቀጥረው? (ከደሴ)

መልስ፦ እናት ያጣ ሕፃን ማሳደግዎ ምግባረ ሠናይ መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅጥርን ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ ስላደረገው፥ ዛሬ ሊያስቀጥሩት አይችሉም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2007 ዓ.ም. ያካሄደው ጥናት፥ ከ5 እስከ 17 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከ10ሩ 4ቱ ያህል ለዕድሜያቸው በማይገባ ሥራ እንደተጠመዱ ገልጧል፤ ከእነዚህም መካከል ሙያ ይማራል ተብሎ ገብቶ ሰጋቱራ ሲጠርግና ሻይ ሲያመላልስ የሚውል፥ መጋዙን ግን የማያስነኩት አይጠፋም። 15 ዓመት እስኪሞላው ከትምህርት ገበታው አይለይ፤ ችግርዎንም ለወረዳዎ የሴቶች፥ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። 15 ሲሞላው ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ 18 እስኪሞላውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም በሌሊት እንዳያሠሩት ይከታተሉ።